ላፕቶፑ ስንት ፐርሰንት ቀረው?

ማታ አዴት ላይ መብራት ድርግም ሲል ሁሉም ቀድሞ የሚያየው ስልኩን ነው፦ ስንት ፐርሰንት ቀረኝ? በላፕቶፕ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ ግን የስክሪኑን የታች ቀኝ ጥግ ቢያይ የባትሪዋ ምልክት የለችም እንበል። ጽሑፉን ሴቭ አላደረገም። ኮምፒውተሩ መቼ እንደሚጠፋ ማን ይንገረው?

አይዟችሁ፣ ምልክቷ ጠፋች ማለት ባትሪው ሞተ ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ድረስ ለጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት መብራት እያለ ይህችን ሞክሩ።

መጀመሪያ ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ። ቀጥሎ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ንኩ፤ እዚያ ተደብቃ ሊሆን ይችላል። ከሌለች ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ታስክባር ግቡ። የሲስተም አይከኖች ማብሪያና ማጥፊያው ውስጥ «ፓወር» የሚለውን አብሩ።

«ፓወር» ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ወይም የናንተ ዊንዶውስ 11 ከሆነ፣ ቻርጀሩን ሳትነቅሉ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። «ባትሪስ» ከሚለው ሥር በስሙ ውስጥ «ኤሲፒአይ» የሚል ያለበትን ባትሪ ዲስኤብል፣ ከዚያ መልሳችሁ ኢኔብል አድርጉት። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ባትሪው ጭራሽ ከሌለ ግን ኮምፒውተሩ አላወቀውም ማለት ነው፤ ያኔ ባለሙያ ይየው።

ምልክቷ ብትመለስም በጭፍን አትመኗት። ቁጥሯ ግምት ናት፤ ያረጀ ባትሪ 30 ፐርሰንት እያሳየ ድንገት ሊከዳችሁ ይችላል። እየጻፋችሁ ሴቭ ማድረግን ልማድ አድርጉ።