ምርቃቱ በጽሑፍ ሲሆን

ሀዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ለፈለገ ጥሬውን በሚጥሚጣ፣ ለፈለገ ተጠብሶ ይቀርባል። የጣመው እንግዳ ሲነሳ የሚለው የታወቀ ነው፦ «እጃችሁ ይባረክ!» ያልጣመው ግን ዝም ብሎ ከፍሎ ይወጣል፤ ቅሬታውን ባጃጅ ውስጥ ለጓደኛው ነው የሚያወራው። ባለቤቱ ከሁለቱም አይጠቀምም። ምስጋናው ተነግሮ በዚያው ይቀራል፤ ወቀሳው ከጆሮው አይደርስም። ይህ ምዕራፍ ምስጋናውም ወቀሳውም ሌላ ሰው በሚያነብበት ቦታ እንዲሰፍር ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል።

መጀመሪያ አንባቢውን እንወቅ። አቶቴ የሚኖር ሰው የት ጥሩ ክትፎ እንዳለ ለማወቅ ስልኩን አይከፍትም፤ ያውቃል፣ ካላወቀም ጎረቤቱን ይጠይቃል። በጎግል ካርታ ላይ የሰፈረውን አስተያየት የሚያነብበው ከ275 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከአዲስ አበባ ዓርብ ማታ ተነስቶ የሚመጣው ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ የሚመጣው ምእመን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበውን ፍቼ ጫምባላላን ጉዱማሌ ሊያይ የሚመጣው እንግዳ፣ ለስብሰባ የተላከው ሠራተኛም እንደዚሁ። ኃይሌ ሪዞርት የሚያርፍ ሰው የኃይሌ ገብረሥላሴን ስም አይቶ ይገባል። በመናኸሪያ ጀርባ ያለው ባለ አሥር ክፍል ፔንሲዮን ግን እንዲህ ያለ ስም የለውም። ለእሱ የሚመሰክርለት ትናንት ያደረው እንግዳ ብቻ ነው።

የሃርቫርዱ ተመራማሪ ማይክል ሉካ በአሜሪካ የሲያትል ምግብ ቤቶችን አጥንቶ ያገኘውም ይህንኑ ይደግፋል። የልፕ በተባለው የአስተያየት መድረክ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ ያደርግ ነበር። ጭማሪው የታየው ግን ራሳቸውን ችለው በቆሙ ቤቶች ላይ ነው፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ባላቸው ታዋቂ ቤቶች ላይ አልታየም። ሲያትል ሀዋሳ አይደለችም፤ ቁጥሩን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ምክንያቱ ግን ለሁለቱም ከተሞች ይሠራል፦ ስም የሌለው ቤት ምስክር ይፈልጋል።

ምስክሩ የሚጽፍበት ቦታም መስተካከል አለበት። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል የሚባለው አገልግሎት ነፃ ነው፤ «ካርታ ላይ ላስገባልዎት» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ ለድካሙ እንጂ ለጎግል እንደማይከፍሉ ይወቁ። ባለቤትነትዎን ለማረጋገጥ ጎግል ብዙ ጊዜ አጭር ቪዲዮ ይጠይቃል፦ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ የቤቱን ውስጥ፣ ቤቱን እርስዎ እንደሚያስተዳድሩ የሚያሳይ ነገር። በእኛ ከተሞች አድራሻ የሚነገረው «ከገብርኤል አለፍ ብሎ» እየተባለ ስለሆነ፣ አንድ ቤት ካርታው ላይ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በላቲን ፊደል፣ ወይም አንዱ ድሮ በነበረበት ሰፈር። እንዲህ ሲሆን አስተያየቱ ለሁለት ይከፈላል። እንዲዋሃዱ ሳያመለክቱ ደንበኛ ጻፉልኝ ማለት ግማሹን ልፋት መጣል ነው። ጎግል በአካባቢ ፍለጋ ማንን እንደሚያስቀድም ሲወስን ሦስት ነገር እንደሚያይ ይናገራል፦ ከተፈለገው ጋር መግጠምን፣ ርቀትንና ታዋቂነትን። የአስተያየት ብዛትና ኮከብ ከሦስተኛው ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መጠየቁ። ብዙ ባለቤት እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘዋል። «አመስግኑኝ ብዬ ልለምን?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምስጋና ሲለመን ያስጠላል። የሚለመነው ግን ምስጋና መሆን የለበትም። አስተናጋጇ እንግዳው «እጃችሁ ይባረክ» ባለበት ቅጽበት እንዲህ ብትል ማንንም አያሳፍርም፦ «አሜን፣ ስለጣመዎት ደስ ብሎናል። ይህንኑ ጎግል ካርታ ላይ ቢጽፉልን ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል።» የምትጠይቀው ያስተናገደችው ራሷ ናት እንጂ ከካሸሩ ወንበር የሚጣራ ባለቤት አይደለም። ነገ መምጣቱ አይቀርም ተብሎ ከታለፈ አይጻፍም፤ እንግዳው ሻሸመኔን ሳያልፍ ይረሳዋል።

ሒሳብ የሚከፈልበትን ሰዓትም ይጠቀሙበት። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ ብዙ ደንበኛ ሲከፍል ስልኩ በእጁ ነው። ከፕሮፋይሉ የሚገኘውን ኪውአር ኮድ አትመው ከመክፈያው ቁጥር አጠገብ ቢለጥፉት፣ ስልክ ከኪስ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርም። የዋይፋዩ የይለፍ ቃልም እዚያው ወረቀት ላይ ይሁን፤ ጥቅሉ ያለቀበት ሰው በጎ ፈቃድ ብቻውን መልእክት አይልክለትም። ፔንሲዮን ከሆነ ደግሞ እንግዳው አገሩ ከገባ በኋላ ሊንኩን በቴሌግራም መላክ ይሻላል። አንድ ጊዜ ብቻ። አናቱ ላይ ቆመው እንዲጽፍ አያድርጉ፤ ያኔ የሚያገኙት በይሉኝታ የተሰጠ፣ ቃል የሌለው አምስት ኮከብ ነው።

ቃል የሌለው ኮከብ ለመንገደኛ ብዙ አይነግርም። «ሌሊት ሙቅ ውሃ አለ፤ መኪና ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ከሐይቁ በእግር ይደረሳል» የሚል አራት ኮከብ በእኔ ሚዛን ከእሱ ይበልጣል። ስለዚህ ሲጠይቁ «ስለ ክፍሉ ወይም ስለ ዓሣው ያስተዋሉትን» ይበሉ። ምን እንደሚጽፍ ግን አይንገሩት።

«አምስት ኮከብ ለሰጠ ማኪያቶ በነፃ» የሚል ማስታወቂያ የሚማርክ ሐሳብ ይመስላል፤ የጎግልን ደንብ ግን ይጥሳል። ቅናሽም ስጦታም አይፈቀድም። የተደሰተውን ብቻ መርጦ መጠየቅም፣ ሠራተኛን ማስጻፍም እንዲሁ፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ከፍሎ የሚወጣውንም ይጠይቁ። የልፕማ ከነጭራሹ አትጠይቁ ይላል፤ ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ይህን ልዩነት ቢያውቁት ይበጃቸዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ደንብ የጣሱ ከ170 ሚሊዮን በላይ አስተያየቶችን ማገዱንና ማንሳቱን አስታውቋል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማችን የሚያሳስት መረጃ ይከለክላል። ሐሰት አይሠራም ማለቴ አይደለም። ኡባ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2017 የሚኖርበትን የጓሮ ዳስ ምግብ ቤት ነው ብሎ አስመዝግቦ፣ በወዳጆቹ የፈጠራ አስተያየት ትሪፕአድቫይዘር በተባለው የአስተያየት መድረክ የለንደን አንደኛ አድርጎት ነበር። እሱ እውነተኛ ምግብ ቤት ስላልነበረው የሚያጣው ደንበኛ አልነበረውም። እርስዎ ግን ምድጃዎ እየነደደ ነው፤ የተጻፈውን ያነበበ ሰው መጥቶ ይቀምሳል።

መጥፎ አስተያየት መምጣቱ አይቀርም። በተናደዱበት ሰዓት አይመልሱ፤ ሲመልሱም ለጻፈው ሰው ብቻ እንዳይመስልዎት፣ ነገ የሚመጣው እንግዳም ያነብበዋል። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ያደረ ሰው ቢጽፍ፣ «መብራት የሚያጠፋው ሌላ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» ከማለት፣ «ይቅርታ ያድርጉልን፤ በዚያ ሌሊት ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን ተጠግኗል» ማለት ሌላውን ያሳምናል። በእርግጥ ከተጠገነ። ቤትዎን ረግጦ የማያውቅ ሰው የጻፈው ከሆነ ለጎግል ማመልከት ይቻላል፤ ስላልወደዱት ብቻ ግን አይነሳም።

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቁልፉ የጠፋ የአስተያየት ሳጥን አለ። ካርታው ላይ ያለው ከዚያ የሚለየው ሁሉም ስለሚያየው ነው፤ ስለዚህ ሦስት እንግዳ ስለ አንድ ቧንቧ ከጻፈ መጀመሪያ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ከተሠራ በኋላ የቀድሞ መልስዎን አስተካክለው ይህንኑ ይጻፉ። የጻፈውም እንግዳ ቢፈልግ ኮከቡን መቀየር ይችላል። ቀይርልኝ ብለው ግን አይደውሉለት።