የተከራይ ጥቁር አዝሙድ

ጥቁር አዝሙድ ሲያብብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እማዬ ጉንፋን ሲይዛት በጨርቅ ቋጥራ የምታሸተው፣ ድፎ ዳቦ ውስጥ የምትጨምረው ፍሬ ተክሉ ምን እንደሚመስል ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ስሙም ያሳስታል። ነጭ አዝሙድ የእንስላልና የድንብላል ወገን ነው፤ ጥቁሩ ግን የሚዛመደው አበባ ሻጮች ራኑንኩለስ ከሚሏት አበባ ጋር ነው።

ዘር ብዬ አልገዛሁም፤ ከእማዬ ቅመም ዕቃ ቆነጠርኩ። ያረጀ እንዳይሆን 20 ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጌ፣ በሳህን ከድኜ ጨለማ ቦታ አስቀመጥኩ። በሁለት ሳምንት 13ቱ በቀሉ። መስከረም ላይ ግቢያችን ጥግ አፈር አላልቼ ዘራሁት፣ ስስ አፈርም አለበስኩት።

ችፍግ ብሎ ሲወጣ ግማሹን ነቅዬ ሌላ ቦታ ተከልኩ። ሁሉም ደረቀ! ለካ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር ነው ያለው፤ ከበቀለበት ሲያነሱት አይወድም። የቀረውን በየስንዝሩ አሳሳሁት።

ታኅሣሥ ላይ አበበ። ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ። በዚያው ሳምንት አከራያችን «ልጄ ሊገባበት ነው፣ በወር ልቀቁ» አሉን። ነገ የእኔ ላይሆን በሚችል መሬት ላይ ማን ያለማል የሚለውን ጥያቄ ኢኮኖሚክስ ክፍል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በራሴ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። አዝሙዱን ነቅዬ አልሄድ ነገር፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሲኒ አዝሙድ ሰው ትለምኛለሽ?» አለች እማዬ። ለመንኳቸው። ሳቁና «ነይ፣ አጠጪ» አሉኝ። ከአዲሱ ቤት በየቅዳሜው ሁለት ታክሲ እየያዝኩ ተመላለስኩ።

የካቲት ላይ እንደ ትንሽ ፊኛ ያበጡት የፍሬ ከረጢቶች ቡናማ ሆኑ። ከደረቁ በኋላ ተከፍተው መሬት ላይ ስለሚበተኑ ከእነ ግንዳቸው ቆርጬ፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል ሰቀልኳቸው። አንድ ሲኒ እንኳ አልሞላም። የታክሲውን ሒሳብ ለእማዬ አልነገርኳትም። እሷ ግን በመዳፏ አሸት አድርጋ ስታሸተው ዝም አለች፣ ከዚያ ለጎረቤት አስቀመሰች።

ግማሹን ለዘር ደብቄያለሁ። ዘንድሮ የዘራሁት ጀሪካን ውስጥ ነው፤ ሥሩ እንዲወርድ አንገቱን ብቻ ቆርጬ፣ ታቹን በምስማር በስቼ። ትናንት ሁለት ብቅ ብለዋል።