ከአራዳ እስከ ለገሐር በእግር

በአዲስ አበባ ተቀምጦ አዲስ አበባን አለማወቅ የብዙዎቻችን ዕጣ ነው። ጠዋት ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ማታ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት፤ በመካከሉ ያለውን ከተማ የምናየው በታክሲ መስኮት፣ ያውም በሰው ትከሻ ላይ አሻግረን ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖሮ፣ ነገሩ የታወቀው ባለፈው ጥር የአጎቱ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ በመጣ ጊዜ ነው። ልጁ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ሲከተለኝ ከቆየ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ «ጋሼ፣ እስካሁን ያሳዩኝ እኮ የታክሲ ሰልፍ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ቅዳሜን ጠብቀን፣ ምሳ የሚያበላና ቡና የሚያጠጣ ያህል ገንዘብ ይዘን፣ በእግራችን ወጣን።

መነሻችን አራዳ ጊዮርጊስ ነበር። አደባባዩ ላይ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት የማያውቅ የለም፤ ቆሞ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ሲሆን፣ በወረራው ዘመን ጠላት ነቅሎት ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። የከተማው ትልቅ ገበያም ቀድሞ እዚሁ ዙሪያ ይውል ነበር። ጣልያኖች ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጡት ፕላን ገበያተኛውን ወደ ምዕራብ አዛወሩትና ያ ስፍራ በቋንቋቸው መርካቶ ተባለ። ይኸኛውም ፒያሳ ሆኖ ቀረ። ጠላት ሲወጣ ስሞቹን ይዟቸው አለመሄዱ የሚያስገርም ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች አቃጥለውት በኋላ እንደገና ታደሰ። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ጫማችንን አውልቀን ገባንና ዐይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆምን። እዚያ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው፤ ሥዕሉም፣ ባለ ቀለሙ የመስኮት መስተዋትም። እኒህ ሰዓሊ በአፍሪካ አዳራሽ ስለ አፍሪካ ነጻነት የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መስተዋት በዓለም የታወቀ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቶበት፣ ከረጅም እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። እዚያ ለመግባት ግን አስቀድሞ ማስፈቀድና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። የዚያኑ እጅ ሥራ ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም ለማየት የሚሻ አራዳ ጊዮርጊስ ይሂድ። ፀሐይ ደመናን ጥላ ብቅ ስትል ቀይና ሰማያዊው ወለሉ ላይ ይወርዳል። የአጎቴ ልጅ እጁን ዘርግቶ ብርሃኑን መዳፉ ላይ ሲቀበለው አየሁትና ዘጠኝ ዓመት ምን ስሠራ ነበር አልኩ።

ከዚያ ቶሞካ ገባን። ይህ ቡና ቤት በ1945 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተ ሲሆን፣ የሚቆላው ቡና ሽታ ሰውን ከመንገድ ጎትቶ ያስገባል። የሚጠጣው እንደ ጥንቱ ቆሞ ነው። ልጁ ማኪያቶውን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ፣ «በቃ? ቶናው የለም?» ሲል በአጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ለሚጠጣበት አገር ሰው የሁለት ደቂቃ ቡና በእርግጥ ቡና አይደለም።

ስንወጣ ወደ ዶሮ ማነቂያ ልወስደው ፈልጌ ነበር፤ ማለቴ፣ ወደ ነበረበት። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ፣ «ጥሬ ሥጋ እንዴት እንደሚበላ ሳታውቅ ከተሜ ነኝ አትበል፤ ዶሮ ማነቂያ እወስድሃለሁ» ይሉኝ ነበር። እኔም ሁልጊዜ፣ «ደመወዝ ሲወጣ እሺ» እላቸው ነበር። ደመወዝ ወጣ፣ ደግሞ ወጣ፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሰፈሩ ከቀድሞው ፒያሳ ብዙ ክፍል ጋር ፈረሰ። ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ ማሳየት የቻልኩት በጣቴ እየጠቆምኩ ነው፤ ሥጋ ቤቶቹ በዚህ፣ መጠጥ ቤቶቹ በዚያ ነበሩ እያልኩ። እኔ ራሴ አንድም ቀን ገብቼ የማላውቀውን ቤት እንደ ለመድኩት አድርጌ ስተርክ አፈርኩ። ልጁ ግን፣ «ጋሼ፣ ሥጋው እንዴት ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ምሳችንን በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ሽሮ ተጋቢኖ በላን።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁል መመልከት ራሱን የቻለ ትርዒት ነው፤ መንገዱ እስከ ለገሐር ይወርዳል። በፖስታ ቤት አካባቢ የባህል ዕቃ ሱቆች አሉ። እኛ የአገር ልጆች ለፈረንጅ የተከፈቱ ይመስሉናልና አንገባም። ገብታችሁ የዐድዋን ጦርነት ሥዕል እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ በፈረስ፣ የእኛ ሰው በአንድ ወገን፣ ጠላት በሌላው ወገን ነው። የእኛዎቹ ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት ዐይናቸው የሚታይ ሲሆን፣ ጠላቶቹ ግን በጎን የተሣሉ ባለ አንድ ዐይን ናቸው። ይህ ከጥንት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች የተወረሰ ሕግ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ያያል፣ ኃጢአተኛ በጎን ይታያል። ይህን ለልጁ በነገርኩት ጊዜ ሥዕሉን ሁሉ እየዞረ ዐይን ይቆጥር ጀመር፤ ባለ ሱቁም ምንም እንደማንገዛ እያወቀ ሌላ ሸራ ፈትቶ አሳየን። እግዜር ይስጠው።

አሁን ወደ ሁለቱ አንበሶች እንምጣ። የመጀመሪያው በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ነው። ቴአትር ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ ሲመረቅ ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ የሠራው ነው። ይህ አንበሳ በዱር ያለውን አንበሳ አይመስልም፤ አካሉ እንደ ግንብ ተጠርቦ በቀጥታ መስመር የቆመ ነው። ቁልቁል ጥቂት ሲሄዱ ደግሞ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የወርቅ ቅብ አንበሳ ይገኛል። ያ በ1923 ዓ.ም. የቆመ፣ ጡንቻው፣ ጎፈሩ፣ እርምጃው ሁሉ የሕያው አንበሳ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ ብዙ ዓመት በስደት ቆይቶ ተመልሷል። የዘርዓይ ደረስም ታሪክ ከዚሁ አንበሳ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጥቂት ደቂቃ እርምጃ፣ የዕድሜ ልዩነታቸውም ሃያ አምስት ዓመት ነው፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ያልተማረ ሰው እንኳ አንዱን አይቶ ወዲያው ሌላውን ቢያይ፣ ቅርጽ በምን እንደሚለያይ ያለ አስተማሪ ይገባዋል። እኔ የለገሐሩን አስበልጣለሁ። ልጁ ወደ ኋላ እየዞረ ካሰበ በኋላ፣ «ይኸኛው አንበሳ ይመስላል፤ ያኛው ግን ንጉሥ ይመስላል» አለ። ተከራከርን፤ አልተስማማንም።

በመንገዱ ላይ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ ሽፋኑ የተቀደደ ያገለገለ የታሪክ መጽሐፍ ገዛን። ነጋዴው የጠራውን ዋጋ ልጁ በጎጃም ገበያ ልማድ ግማሹን አውርዶ ሲከራከር እኔ አፍሬ ዞር ብዬ ነበር። በመጨረሻ ግን በተከራከረው ገባለት። እኔ ዘጠኝ ዓመት የተጠየቅሁትን ስከፍል ኖሬአለሁ።

ለገሐር ስንደርስ ጫማችን አቧራ ለብሶ ነበርና ሁለታችንም ሊስትሮ ፊት ተቀመጥን። ልጁ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ያሉት በየት በኩል ነው?» አለኝ። ሄጄ አላውቅም ማለት ስላሳፈረኝ፣ «የሚመጣው ቅዳሜ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ደመወዝ ሲወጣ እንዳይሉ ብቻ» አለኝ።