ከከርነል ማሻሻያ በኋላ የሚቆራረጥ ዋይፋይ፦ ጥፋቱን የት እንፈልግ?



ዛሬ የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በላፕቶፔ ላይ ያለውን ሊኑክስ ባሻሻልሁ ማግስት ዋይፋዩ በየጥቂት ደቂቃው ይቋረጥ ጀመር። ከአንድ ተማሪዬ ጋር የመመረቂያ ጽሑፉን የመጨረሻ ረቂቅ በኢንተርኔት እየተነጋገርንበት ሳለን ሦስት ጊዜ ተለያየን። እኔም ሳላጣራ ጥፋቱን በኔትወርክ ባለሙያዎቻችን ላይ ጫንሁ፤ እነርሱም ሁለት ቀን ሙሉ የዋይፋይ ማሰራጫውን ሲፈትሹ ዋሉ። በዚያው ክፍል የሌላው ሰው ማሽን ሁሉ ያለ ችግር እንደሚሠራ ልብ ያልሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ያን ጊዜ አስቀድሜ ላደርገው የሚገባኝን አደረግሁ። አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጭኑ የቀድሞውን ወዲያው አያጠፉትም፤ ማሽኑ ሲነሣ ግረብ በሚያሳየው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በአሮጌው ከርነል አስነሥቼ፣ ከዚያው ወንበር ሳልነሣ፣ ከዚያው ማሰራጫ ጋር ግማሽ ቀን ሠራሁ፤ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ወደ አዲሱ ስመለስ መቆራረጡም ተመለሰ።

እንግዲህ ጥፋተኛው ከርነሉ ነው ማለት ይቻላልን? ገና ነው። ከከርነሉ ውጭ የተጻፈ ድራይቨር ቢሆን ኖሮ፣ ለአዲሱ ከርነል እንደገና ሳይገነባ ሲቀር፣ ዋይፋዩ ጨርሶ ይጠፋ ነበር እንጂ አይቆራረጥም ነበር። የእኔ ካርድ ድራይቨር ግን ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ካርዱ ራሱም ፈርምዌር የሚባል የገዛ ፕሮግራም አለው፤ ይህም በዲስክ ላይ በተለየ ፋይል ይቀመጣል። አንዳንድ ድራይቨሮች ከሚያውቋቸው የፈርምዌር ቅጂዎች ከፍተኛውን ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ካጡት ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ። ስለዚህ ከርነሉ ሲለወጥ፣ በዲስኩ ላይ አንድም ፋይል ሳይነካ፣ በካርዱ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ሊለወጥ ይችላል።

በዲሜስግ ትእዛዝ የሁለቱን ከርነሎች መዝገብ ሳነጻጽር የፈርምዌሩ ቁጥር በእርግጥ ተለያይቶ አገኘሁት። የካርዱን የኃይል ቁጠባ ስዘጋው መቆራረጡ ቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ባትሪው ቶሎ ቢያልቅም ሥራው ይቀጥልለታልና አልነቅፈውም። ነገር ግን ይህ ሕመሙን ማስታገስ ነው እንጂ ድራይቨሩንና ፈርምዌሩን ለይቶ አያሳይም። የኃይል ቁጠባውን መልሼ ከፈትሁና አዲሱን የፈርምዌር ፋይል ድራይቨሩ ከማያገኘው ቦታ አኖርሁት። ማሽኑን በአዲሱ ከርነል ሳስነሣ ድራይቨሩ ወደ ቀድሞው ቅጂ ወረደ፤ ዋይፋዩም ቀኑን ሙሉ ጸና። አዲሱ የከርነል ኮድ ከዚያ በኋላ ሊጠየቅ የሚችለው ያንን ፈርምዌር በመምረጡ ብቻ ነበር።

ይህ ሙከራ ባይለያቸው ኖሮ በጊት ባይሴክት በሁለቱ ከርነሎች መካከል ያሉትን ለውጦች በየጊዜው በግማሽ እየከፈልሁ መፈተሽ ይጠብቀኝ ነበር። 10,000 ለውጥ ቢኖር ከ14 ያልበለጠ ሙከራ ይበቃል፤ በእኔ ላፕቶፕ ግን እያንዳንዱን መገንባት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወደ ኔትወርክ ባለሙያዎቹ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከማሰራጫው መዝገብ የሚቋረጠው የእኔ ማሽን ብቻ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አይተውት ኖሯል፤ ለመምህር መንገሩ ከብዷቸው ነበር።