ቁርበት የጠየቀው ጅብ
በኪሮሽ ስለሚሠሩ አስቂኝ እንስሳት

እንደሚታወቀው፣ ኪሮሽ በየቤታችን የጠረጴዛና የወንበር ልብስ ሲሠራበት የኖረ የእጅ ሙያ ነው። በዚሁ መንጠቆና ክር አሻንጉሊትም ይሠራል። ጃፓኖች ይህን ሥራ «አሚጉሩሚ» ይሉታል፤ «አሚ» በክር የተሠራ፣ «ኑይጉሩሚ» ደግሞ የተሞላ አሻንጉሊት ማለት ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሙያው ከጃፓን ውጪም በሰፊው ተለምዷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሕፃናቱን መጫወቻ ሳይሆን፣ አዋቂን ለማሳቅ የሚሠራውን ነው።

ቀልዱ ከየት ይመጣል?

እንስሳን የሰው ጠባይ አልብሶ ማሳየት ለእኛ አዲስ አይደለም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» እንላለን። ጅቡን በሚያውቁት አገር ቁርበት የሚያነጥፍለት የለም፤ ይበላዋላ! በማያውቁት አገር ግን እንደ ክቡር እንግዳ ይጎማለላል።

ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት ወደ ሱዳን ገብተዋል። ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ ከካርቱም ትይዩ ባለችው ባሕሪም ኖረዋል። በስደት አገር «እኔ እኮ በአገሬ . . .» ብሎ መጀመር ለማንም ይቀናል። ስለዚህ ባሕሪ ላይ በአንድ ክፍል ቤት መደርደሪያ ላይ፣ እግሩን አጣምሮ ቁርበት ላይ የተቀመጠ የኪሮሽ ጅብ ቢኖር፣ ባለቤቱም እንግዳውም በራሳቸው ይስቃሉ። በራሱ መሳቅ የቻለ ስደተኛ ደግሞ ግማሽ ሸክሙን አራግፏል።

ቀልዱን የሚያወጣው የአካሉ መጠን ነው። ትልቅ ራስ፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖችና አጫጭር እግሮች የሕፃን መልክ ስለሚሰጡ አንጀት ይበላሉ። ይህን ኮንራድ ሎሬንትስ የተባለው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1943 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አዋቂን ለማሳቅ ገላውን የሕፃን አድርገን፣ ፊቱን የሽማግሌ እናደርገዋለን፤ ዓይኖቹን በግማሽ ከድነን፣ ቅንድቡን ወፈር አድርገን እንሰፋለን። ሳቁ የሚመጣው ከሁለቱ አለመጣጣም ነው።

አሠራሩ

ከሁሉ አስቀድሞ በ6 ቋጠሮ ትንሽ ቀለበት እንሠራለን። በየዙሩ 6 ቋጠሮ ስንጨምር 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሰፋል። 6 የሆነበት ምክንያት አለው። የክብ ዙሪያ 2 × 3.14 × ሬዲየስ ነው። እያንዳንዱ ዙር ሬዲየሱን በአንድ ቋጠሮ ስለሚያሳድገው፣ ዙሪያው 6.28 ያህል ያድጋል። የአጭሩ ቋጠሮ ቁመትና ወርድ ተቀራራቢ በመሆኑ 6 መጨመር ይበቃል።

• 6 ብንጨምር፣ ዝርግ ክብ ይሆናል።
• ምንም ባንጨምር፣ እንደ ቱቦ ይቆማል፤ እግር ይወጣዋል።
• ከ6 በላይ ብንጨምር፣ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ለጆሮና ለቀሚስ ይሆናል።

ለራሱ 24 ከደረስን በኋላ 5 ዙር ሳንጨምር ሠርተን፣ ወደ 18፣ 12 እና 6 እንቀንሳለን። ከመዝጋታችን በፊት ጥጥ ወይም የጨርቅ ቁርጥራጭ እንሞላበታለን። የጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም፣ የፊቱን 10 ዙር፣ የኋላውን 7 ዙር ብናደርግ ጀርባው ተዳፋት ይሆናል፤ ያየው ሁሉ ጅብነቱን ያውቃል። ሕፃን ባለበት ቤት ዓይኑ በዶቃ ፈንታ በክር ይሰፋ።

ለትምህርት ቤት

ኪሮሽን የሴት ልጆች የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። ነገር ግን ዳይና ታይሚኛ የተባሉት የሂሳብ ሊቅ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ በወረቀት ለማሳየት የሚያስቸግረውን የሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርተው አሳይተዋል። ዘዴያቸውም ከላይ ያየነው፣ ቋጠሮን በሥርዓት አብዝቶ የመጨመር ዘዴ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ትተው በመተማ በኩል ወጥተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕቃ ይቀራል፤ በእጅ የገባ ሙያ ግን ከሰው ጋር ይሻገራል። መንጠቆውም ከኪስ አያልፍም።

በመሆኑም፣ ወንዶችም ሴቶችም ተማሪዎች አንዳንድ ምሳሌያዊ አነጋገር መርጠው፣ እንስሳውን ነድፈው፣ የየዙሩን ቋጠሮ በሠንጠረዥ ጽፈው እንዲሠሩ እናድርግ። አንድ ነገር ግን አደራ እንበላቸው፤ ቀልዱ በጠባይ ላይ ይሁን እንጂ በጓደኛ መልክ ላይ አይሁን።