ሕጉ የማይጠይቀው ጥያቄ

ከፎቅ ግንባታ ላይ የወደቀ ወይም እጁን ማሽን የያዘው ሠራተኛ ደሙ ሳይደርቅ «እንዴት አላየህም?» ይባላል። ካቦው ይጠይቀዋል፣ ጓደኞቹም ይጠይቁታል፣ እናቱ ሳትቀር ትጠይቀዋለች። ሌሊት ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ደግሞ ራሱን ይጠይቃል። «የራሴ ጥንቃቄ ማነስ ነው» ብሎ የተቀበለ ሰው አሠሪው ለመድኃኒት የሰጠውን ጥቂት ብር እንደ ውለታ ቆጥሮ፣ መርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ ሕግ ግን ካሳ ለመክፈል ጥፋተኛ አይፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 እንደሚደነግገው፣ አሠሪ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት በሠራተኛው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96ም ይህንኑ ይል ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሥራውን ትርፍ የሚወስድ የሥራውንም አደጋ ይሸከማል። ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የመጣ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ከዚህ በተጨማሪ በሌላ ሕግ ካሳ የመጠየቅ መብቱ አይነካም።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ አለማክበርና አካልንና አእምሮን መቆጣጠር እስከማይቻል ድረስ ሰክሮ ሥራ መግባት እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በተግባር ክርክሩ ሁሉ የሚሰበሰበው በዚህች ቀዳዳ ዙሪያ ነው። «ሄልሜት አላደረገም» ይባላል። ነገር ግን መከላከያውን ማቅረብ፣ አጠቃቀሙን ማስተማርና መመሪያውን በግልጽ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ቀድሞ መነሳት ያለበት ሄልሜቱ መቼ፣ ለማን፣ በምን ፊርማ ተሰጠ የሚለው ነው። መጋዘን ተቆልፎበት የከረመ ሄልሜት የማንንም ካሳ ሊያስቀር አይገባም።

አደጋው በግቢው ውስጥ ብቻ የሚደርስ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። በአሠሪው ትእዛዝ ውጭ ተልኮ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላም ቢሆን የተጎዳ፣ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄድ ወይም ሲመለስ አደጋ የደረሰበት ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። የጽሑፍ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛም መብቱን አያጣም፤ በቃል የተደረገ ውል ውል ነው። የሚቸግረው አሠሪው ማን እንደሆነ ማሳየቱ ነው። ዋናው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ፣ ንዑስ ተቋራጩ ለካቦ እየሰጠ በወረደ ሳይት ላይ የሳምንት ሒሳቡን ከካቦው እጅ የሚቀበል ልጅ የድርጅቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። የምስክሮች ስምና ስልክ በዚያው ሳምንት ካልተያዘ፣ አደጋውን ያዩት ሠራተኞች ወደ ሌላ ሳይት ተበትነው ይቀራሉ።

ብዙ ገንዘብ በጸጥታ የሚጠፋው ግን ሌላ ቦታ ነው። ጉዳቱ «ሕመም ፈቃድ» ተብሎ ይመዘገባል። መደበኛው የሕመም ፈቃድ ስድስት ወር ሲሆን የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት ግን ሕጉ ለሦስት ወር ሙሉ፣ ለተከታዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ፣ ለቀሪው ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ እስከ አንድ ዓመት ይሰጣል። በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እናስብ። በሕመም ፈቃድ የሚያገኘው በጠቅላላው 8,000 ብር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ የቀረ እንደሆነ በጉዳት ክፍያ 33,000 ብር ይደርሰዋል። ልዩነቱን የፈጠረው ቅጹ ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ሆስፒታል ካርድ ሲወጣ «ወደቀ» ብቻ ሳይሆን «ሥራ ላይ ሳለ ወደቀ» ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ። በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማያስችል ዘላቂ ጉዳት ሲደርስ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው፤ ለከፊል ጉዳት በመቶኛው ልክ ይቀነሳል። ፊትን ወይም አካልን ክፉኛ ያበላሸ ጠባሳም፣ መሥራት ባይከለክል እንኳ፣ እንደ ከፊል ጉዳት ይታሰባል። አምስት ዓመት ሲሉት ብዙ ይመስላል። ዳሩ ግን ሒሳቡ የሚነሳው ከደመወዝ ነው፤ የግሉ ዘርፍ ደግሞ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው እግርም በዚያው ልክ በትንሹ ይተመናል። ይህን ፍትሕ ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል።

የወደቀ ሰው ቢያንስ የወደቀበት ቀን አለው። በሥራ ምክንያት በሚመጣ በሽታ የተያዘው ይህም የለውም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ ብናኝ ለዓመታት የተነፈሰች ሴት ደረቷ ይታፈናል። የዚህ በሽታ አመል ከዕረፍት በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ማለትም ሰኞ ሰኞ፣ መባሱ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ቀለል ይላታል፤ እያደር ግን ቀኑን ሁሉ የማይለቅ ይሆናል። ሐኪም «ሥራሽ ምንድን ነው? የሚብስብሽስ መቼ ነው?» ብሎ ካልጠየቃት ብሮንካይት ወይም አስም ተብሎ ሽሮፕ ይታዘዝላታል። ድንጋይ የሚፈልጠውና የሚፈጨው ሠራተኛ ደግሞ ሲሊካ የተባለውን ደቃቅ ብናኝ ይስባል። የሳንባው ጠባሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም ሥራውን ከተወ ወዲያ ይገለጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጠዋል። ሕጉ በአካባቢው የሚዛመቱ በሽታዎችን፣ እነርሱን ለመከላከል ከተሰማሩት ሠራተኞች በቀር፣ ከሥራ በሽታ አይቆጥርም። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር የድንጋይ ሠራተኛው ሳል በቀላሉ ከዚያኛው ወገን ሊጣልበት ይችላል።

እዚህ ላይ መፍትሔው ከክርክሩ በፊት ያለ ነው። አዋጁ አዲስ ለሚቀጠሩና አደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች እንደ ሥራው ጠባይ የጤና ምርመራ በአሠሪው ወጪ እንዲደረግ ያዛል። አደጋንና የሥራ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድር ስለ ደመወዝ ጭማሪና ስለ ቦነስ ይሟገታሉ። ከዚያው እኩል ሊይዙት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፦ ብናኝ ያለበት ሥራ የሚሠራ ሁሉ በተቀጠረበት ሳምንት የሳንባው አቅም ይለካ፣ በየዓመቱም ይደገም፣ የውጤቱ ቅጂ በሠራተኛው እጅ ይሁን። ያ ወረቀት ከሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ቦርድ የሚያወዳድርበት ነገር አይኖረውም።