አብራሪውን ሲያመው፦ የሕመም ፈቃድ በደኅንነት ደንብና በሥራ ክርክር መካከል

የአየር መንገድ አብራሪ የሕመም ፈቃድ ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሌላው ሰው እያመመው ሥራ ቢገባ ትጉህ ይባላል፤ አብራሪው ግን ደንብ ይጥሳል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የሙያ ፈቃድን በሚመለከተው አባሪ 1 ላይ፣ ባለፈቃዱ ጤናው መጓደሉን ካወቀ እንዳይበር ይከለክላል። የአሜሪካ ደንብም ተመሳሳይ ነው፤ ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ «ደክሞኛል፣ በደኅና መሥራት አልችልም» ያለውን አብራሪ አየር መንገዱ ሊመድበው አይችልም። የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ የጤና ምርመራ በኢካኦ ደንብ በተለምዶ በዓመት አንዴ፣ ዕድሜው 60 ሲሞላ በየስድስት ወሩ ነው። በመሀል ባሉት ቀናት ሁሉ ለመብረር ብቁ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ራሱ አብራሪው ነው።

ውሳኔው የሚከብደው በከባድ በሽታ ሳይሆን በተራ ጉንፋን ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት አውሮፕላኑ ከፍ ሲል እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ወዳለ ቦታ ግፊት ድረስ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ወደ ባሕር ጠረፍ ከተማ ሲያቆለቁል ግፊቱ ተመልሶ ይጨምራል። ጆሮን ከጉሮሮ ጀርባ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ በጉንፋን ካበጠ ታዲያ የጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሕመሙ የሚበረታውም ለማረፍ ዝግጅት በሚደረግበት፣ ትኩረት እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱም ሌላ ጣጣ አለው። ከየፋርማሲው ያለ ማዘዣ የሚገዛውን፣ እንቅልፍ የሚያመጣውን ዳይፈንሃይድራሚን የወሰደ አብራሪ በአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን መመሪያ መሠረት 60 ሰዓት ሳይሞላ መብረር የለበትም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ታሞ ለምን ይበራል? መልሱን የካቲት 12 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ከኒው ዋርክ ወደ ባፋሎ ሲበር ተከስክሶ 50 ሰዎች የሞቱበት የኮልጋን ኤር በረራ 3407 የኮክፒት ድምፅ መቅጃ በግልጽ ይዞታል። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው ሲያትል አካባቢ፣ የምትሠራው ኒው ዋርክ ነበር፤ ሌሊቱን አገር አቋርጣ ነው የመጣችው። ከመነሣታቸው በፊት ቤቷ ሳለች እንዲህ ቢሰማት ኖሮ እንደማትመጣ፣ አሁን ታምሜያለሁ ብትል ግን እስኪሻላት ሆቴል መከራየት እንደሚኖርባት ለዋናው አብራሪ ስትነግረው ይሰማል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአደጋው መንስኤ ዋና አብራሪው ለአውሮፕላኑ ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ መሆኑን ደምድሟል፤ የእሷ ሕመም በሥራዋ ላይ በቀጥታ ተጽዕኖ አሳድሯል ለማለትም አልደፈረም። ሆኖም ያ አጭር ንግግር፣ ከደንቡ ይልቅ የሆቴል ሒሳብ ውሳኔ ሊሰጥ እንደሚችል ያሳያል።

በሌላ በኩል አሠሪዎች የሕመም ፈቃድን የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ አየር መንገዶች ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተዳደሩበት የባቡር ሠራተኞች ሕግ ረጅሙ የድርድር ሥርዓት ሳያልቅ የሥራ ማቆም አድማ አይፈቅድም። በር ሲዘጋ የሕመም ፈቃድ መስኮት ይሆናል። አሜሪካን ኤርላይንስ ሬኖ ኤርን ከገዛ በኋላ፣ በየካቲት 1999 እ.ኤ.አ.፣ በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩት የሬኖ አብራሪዎች ጉዳይ ባስነሣው ክርክር የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች በጅምላ «ታመሙ»። ከ6,000 በላይ በረራዎች ተሰረዙ። የዳላስ ፌዴራል ዳኛ ጆ ኬንዳል ወደ ሥራ እንዲመለሱ ቢያዙም የታማሚው ቁጥር ጭራሽ ጨመረ፤ የአብራሪዎቹ ማኅበር ፍርድ ቤት በመድፈር ወደ 45.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ዩናይትድ ኤርላይንስ በ2008 እ.ኤ.አ. 950 አብራሪዎችን ሊቀንስ መሆኑን ባስታወቀ ማግሥት የሕመም ፈቃድ ሲያሻቅብ የአብራሪዎቹን ማኅበር ከስሶ የእግድ ትእዛዝ አገኘ፤ ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ ስታቲስቲክስ ነበር።

በአውሮፓ የታወቀው ምሳሌ የጀርመኑ አየር መንገድ ቱኢፍላይ ነው። በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አስተዳደሩ የድርጅቱን መዋቅር እንደሚቀይር ድንገት ሲያስታውቅ፣ በወትሮው 10 በመቶ አካባቢ የነበረው የአብራሪዎች የሕመም ቀሪ በቀናት ውስጥ እስከ 89 በመቶ ደረሰ። ስምምነት ሲደረስ ሕመሙም ለቀቀ። አየር መንገዱ ነገሩ ያልተጠበቀ ድንገተኛ ሁኔታ ስለሆነ ለመንገደኞች ካሣ አልከፍልም ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሚያዝያ 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ ግን ክርክሩን ውድቅ አደረገው፦ የመዋቅር ለውጥ የድርጅት የዘወትር ሥራ ነው፤ ከእሱ የሚነሣ የሠራተኛ ቁጣም የድርጅቱ ኃላፊነት ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ አድማን በተመለከተ ጠበቅ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው የሕዝብ አገልግሎቶች ውስጥ አስገብቶ በዘርፉ የሥራ ማቆም አድማን ይከለክላል። የዓለም የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች ግን በዚህ ስያሜ ጥብቅ ትርጉም ውስጥ የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን እንጂ ትራንስፖርትን በጠቅላላው አያካትቱም። የሕመም ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አዋጁ የሐኪም ማስረጃም ይጠይቃል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛንና ጉንፋን የያዘውን አብራሪ ግን በአንድ ዓይን ነው የሚያየው፤ ለአብራሪው ቤት መዋል ግዴታም ጭምር መሆኑን ከሥራ ሕጉ ሳይሆን ከአቪዬሽን ደንቡ ነው የሚያገኘው።

ብዙ አየር መንገዶች አድማን ፈርተው የሚያወጡት መመሪያ፣ ማለትም ለአንድ ቀን ቀሪ ሁሉ የሐኪም ወረቀት መጠየቅ፣ ቀሪዎችን ቆጥሮ አብራሪውን ለአለቃ ጥያቄ መጥራት፣ ዒላማውን የሳተ ነው። የጅምላ ሕመም ያለ ወረቀትም ይታወቃል፤ ከ10 ወደ 89 በመቶ የዘለለ ቁጥር ሐኪም አያሻውም። ወረቀቱ የሚያጠምደው ለብቻው የታመመውን ነው፤ እሱም ጣጣውን ሽሽት ኮክፒት ይገባል።

ወረቀት ኖሮም ሊደበቅ ይችላል። መጋቢት 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የጀርመንዊንግስን አውሮፕላን በፈረንሳይ አልፕስ ተራራ ላይ ሆን ብሎ ከስክሶ ከራሱ ጋር 150 ሰዎችን የፈጀው ረዳት አብራሪ በዚያች ዕለት ጭምር ከሥራ የሚያሳርፍ የሐኪም ማስረጃ ነበረው። ለአሠሪው አልሰጠም። ሐኪሞቹም በሙያ ምስጢር ታስረው ለባለሥልጣን አላሳወቁም። የፈረንሳይ መርማሪዎች ከምክንያቶቹ መካከል ፈቃዱን ቢነጠቅ ገቢው ይቋረጣል የሚለውን ስጋት ጠቅሰዋል። ፍርሃቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከጠየቃቸው 3,765 የአሜሪካ አብራሪዎች 56 በመቶ ያህሉ ፈቃዳቸውን ላለማጣት ከሕክምና የሸሹበት ጊዜ መኖሩን ተናግረዋል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን የሚወስዱ አብራሪዎች በክትትል እንዲበሩ የፈቀደው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ምርጫው መድኃኒቱን መተው ወይም መደበቅ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ አየር መንገድ አብራሪዎች በምስጢር የሥራ ባልደረባቸውን የሚያማክሩበት የድጋፍ መርሐ ግብር እንዲኖረው አስገድዷል። የጀርመንዊንግስ አደጋ መርማሪዎች ከፈቃድ መነጠቅ የሚመጣው የኑሮ አደጋ እንዲቀንስም መክረው ነበር፤ እሱ ግን ዛሬም በዋናነት በኅብረት ስምምነትና በመድን ውል የሚያልቅ ጉዳይ ነው።